ዝንቧ ዘበኛ ሳለች

አባቴ ቦራ የሚባል በሬ ነበረው። ግንባሩ ላይ ጨረቃ የመሰለ ነጭ ምልክት ስለነበረው ነው ቦራ የተባለው። የምንኖረው መቱ ከተማ ዳር ነው፤ እርሻችን ግን በዳሪሙ በኩል ወደ ብርብር ወንዝ ሲወረድ፣ ሞቅ ካለው ቆላ ላይ ነበር። አንድ ክረምት ቦራ ታመመ። ሣር በሣር ላይ ቆሞ ከሳ። ጸጉሩ ቆመ፣ ዓይኑ አነባ፣ ቀንበር ሲጫንበት ሦስት ትልም ሳይሄድ ተንበረከከ። አባቴ ጨው አላሰው፣ ቅጠል ጨምቆ አጠጣው፤ በመጨረሻም ቀንበሩን አወረደለትና አጠገቡ ተቀመጠ። «ገንዲ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። የቀረውን በሬ ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን መቀናጆ ገባን፤ አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለእሱ። ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅምና የዚያን ዓመት በቆሏችን ዘግይቶ ተዘራ፤ ጎተራውም አልሞላም።

ገንዲን በስሙ ሳይሆን በመልኩ ያወቅሁት አድጌ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ስሠለጥን ነው። ከታመመው ከብት የጆሮ ደም ሥር አንዲት ጠብታ ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ሥር ስትታይ፣ በደም ሕዋሳቱ መካከል እንደ ቀጭን ትል የሚገላበጥ ነገር አለ። ትሪፓኖሶም የሚሉት እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁት ቀን ቦራ ትዝ አለኝና ሳላስበው «አንተ ነህ ለካ!» አልኩ። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ እሱን የተናገርኩት መስሎት «ደግሞ ምን አደረግሁ?» ብሎኝ ነበር።

ይህን ጥገኛ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው የምታጓጉዘው የቆላ ዝንብ ናት። በአገራችን አምስት ዓይነት የቆላ ዝንቦች ተመዝግበዋል። የእኛዎቹ የዲዴሳን፣ የገባን፣ የብርብርንና የባሮን ሸለቆዎች ርስት አድርገው ይኖራሉ። ዝንቧ እንደ ቤት ዝንብ እንቁላሏን በየቦታው አትበትንም። አንድ እጭ ብቻ በሆዷ አሳድጋ በዘጠኝ በዐሥር ቀን አንዴ ትወልዳለች። ወንዱም ሴቷም ከደም በቀር ሌላ ምግብ አያውቁም። ጥላ ይወዳሉ፤ ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሥር አድፍጠው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ከብትን ብቻ አይደለም። ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ሰዎችን የሚገድል የእንቅልፍ በሽታ ተነሥቶ ነበር። እሱም የዚሁ ጥገኛ ዘመድ ሥራ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሼ ወደ ብርብር ቆላ ተመደብኩ። ወጣት ነበርኩ፤ የተማርኩትን ሁሉ ለማስተማር እቸኩላለሁ። ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ የዱር እንስሳት ጥገኛውን በደማቸው ተሸክመው ሳይታመሙ መኖራቸው ነው። ድኩላው፣ ከርከሮው፣ የዱር አሳማው፣ ጎሹ ከዝንቧ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብረው ስለኖሩ ሰውነታቸው ችሎታል። ዝንቧ ከድኩላው ትጠጣና ወደ በሬው ትሄዳለች። ነገሩ እውነት ነው። ይህንኑ ከዋርካ ሥር ሰብስቤ፣ ጥቁር ሰሌዳ አስቁሜ፣ ድኩላና በሬ ሥዬ በመካከላቸው ዝንብ አድርጌ አስተማርኩ። ሥዕሌ ጥሩ ስላልነበረ ድኩላው ፍየል መስሎ ሰዉ ስቋል። ትምህርቱ ግን ገብቶታል፤ ያውም ከጠበቅሁት በላይ።

በዚያው በጋ በአንድ እሑድ ጠዋት አንድ አዛውንት ከደጃፌ ደረሱ። በሰፈሩ የተከበሩ፣ እኔም «ኦቦ» እያልኩ ከመቀመጫዬ የምነሣላቸው ሰው ናቸው። ሁለት ልጆች ተከትለዋቸዋል። አንደኛው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሟል። አስቀመጠውና ፈታው፤ የድኩላ ታፋ ነው።

«ድርሻህን አመጣንልህ» አሉኝ።

«የምን ድርሻ፣ ኦቦ?»

«የመድኃኒቱ ነዋ! በሽታው ያለው እሱ ውስጥ ነው አላልከንም? ዛሬ አራት ጣልን። የወንዙንም ዳር አቃጠልነው።»

ወደ ቁልቁለቱ ስመለከት ጭሱ ገና አልጠፋም። በኋላ ወርጄ አየሁት። ከአራቱ አንዷ እናት ነበረች፤ ግልገሏ ውሾቹ ካባረሩበት ቋጥኝ ሥር ተገኘ። ሰዎቹ ጨካኞች አልነበሩም። ሐኪም ያላቸውን ፈጸሙ። ሐኪሙ ደግሞ ግማሽ ነገር ነበር የነገራቸው። ሌላውን ግማሽ እኔም አላውቀውም ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት በሬዎቹ መሞታቸውን አላቆሙም። እንዲያውም አዛውንቱ ራሳቸው አንድ ወይፈን ቀበሩ። እኔን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት በደሌ ነው። አንባቢ በደሌን በቢራዋ ያውቃት ይሆናል፤ ለእኛ ለእንስሳት ጤና ሰዎች ግን በደሌ ማለት የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ ምርመራና መቆጣጠሪያ ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ከመቱ ተነሥቶ በሁሩሙና በያዮ የቡና ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዙ፣ ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያወዛወዘ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል እያዩ የሚደረስባት ናት። ለአጭር ሥልጠና ተልኬ ሄድኩ። አንድ ማታ ለአንድ አንጋፋ ሐኪም የድኩላውን ታሪክ አጫወትኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «ይህን ስሕተት ከአንተ በፊት መንግሥታት ሠርተውታል» አለኝ።

ዴቪድ ብሩስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም ገንዲ ከዝንቧ ጋር ያለውን ዝምድና በዙሉላንድ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ጥገኛው በዱር እንስሳት ደም ውስጥ መኖሩም በእሱ ዘመን ታወቀ። እንግዲያውስ አውሬው ካለቀ ዝንቧ በረሃብ ታልቃለች ተባለ። በደቡባዊ አፍሪካ፣ በተለይም በደቡብ ሮዴዥያ፣ ለዐሥርተ ዓመታት አዳኝ እየተቀጠረ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር የዱር እንስሳ ተረፈረፈ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ከዝንቧ ሆድ የተገኘውን ደም የማን እንደሆነ መለየት ቻሉ። ያኔ ዝንቧ ምግቧን የምትመርጥ ሆና ተገኘች። ከርከሮ፣ የዱር አሳማ፣ ድኩላ፣ ጎሽና አጋዘን ትወዳለች። የሜዳ አህያንና ሌሎችንም ብዙ እንስሳት እምብዛም አትነካቸውም። ብዙዎቹ በማያውቁት ወንጀል ነበር የተገደሉት። የሚወዳቸው አውሬ ሲርቅባት ደግሞ ከብት በአጠገቧ እስካለ ድረስ አትራብም፤ ወደ እሱ ትዞራለች። የብርብር ሰዎች በሬ የሞተበትን ምክንያት ያኔ ተረዳሁ። ማዕዷን ወሰድንባት፤ ወደ እኛ ማዕድ መጣች።

ያ ሐኪም በዚያ አላበቃም። «አንተ ከዱር ወደ ቤት የሚመጣውን ብቻ ነው ያስተማርከው። ከቤት ወደ ዱር የሚሄደውስ?» አለኝና ስለ ደስታ በሽታ ነገረኝ።

ደስታ! ለዚያ ዓይነት መዓት ይህን ስም ያወጣው ሰው ክፉውን በመልካም ስም ሊያባብለው ፈልጎ መሆን አለበት። ክፉ ቀን በምንለው ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ፤ የአገሩን ከብት ከሞላ ጎደል ጨረሰው፤ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ በረሃብ አለቀ። ይህን ሁላችንም ከታሪክ እናውቀዋለን። እምብዛም የማይነገረው በሽታው በከብት በረት ብቻ አለመቆሙ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ እስከ አፍሪካ ጫፍ ሲወርድ ጎሹንም፣ አጋዘኑንም፣ ሌላውንም ቆንጥር በል እንደ እሳት በላው። የእኛ ከብት ነበር የገደላቸው።

ማዳኑም የመጣው በከብቱ በኩል ነው። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ማንም ጎሽ እያሳደደ መርፌ አልወጋም። ክትባቱ የተሰጠው በዙሪያው ላሉት የአርብቶ አደር ከብቶች ነበር። በሽታው ከከብቶቹ ሲጠፋ ከዱሩም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺሕ ያህል ደረሰ። በእኛም አገር ደብረ ዘይት የሚሠራው ክትባት በአፋር በረሃ ሳይቀር በእግርና በግመል ተጓዘ፤ የመጨረሻዎቹን የበሽታውን መደበቂያዎች ያጸዱት ሙቀት የሚችለውን ክትባት ተሸክመው ከመንደር መንደር የዞሩ፣ ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ ተባለች፤ ዓለም በሙሉ በ2003 ዓ.ም.። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በዚያ ዓመት መቱ ላይ ማንም ከበሮ አልመታም። እኔ ግን ለራሴ አንድ ጠርሙስ ጠጅ አዝዣለሁ።

የባሌው ቀይ ቀበሮም ነገሩ ያው ነው። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኛ ውሾች ተሻግሮ ቀበሮዎቹን ፈጃቸው። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጡ ናቸውና ጥቂቱም ብዙ ነው። እነሱን ለማዳን መጀመሪያ የሚከተበው የገበሬው ውሻ ነው።

ከበደሌ ስመለስ አዲስ ሥራ ይዤ መጣሁ፤ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ። የቆላ ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ትወዳለች። ጨርቁ ፀረ ተባይ መድኃኒት ተነክሮ በወንዝ ዳር ይሰቀላል፤ አጠገቡ የከብት ሽንት በጠርሙስ ይቀመጣል፤ ሽታው ይስባታል። በሬ አገኘሁ ብላ ታርፋለች፤ በዚያው ትቀራለች። አንድም ድኩላ አይሞትም፤ አንድም ቁጥቋጦ አይቃጠልም። በዝንቧ አወላለድ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ሴቶች ከሞቱ የጎደለውን ቶሎ መተካት አትችልም።

ችግሩ ጨርቁ ሰውንም መሳቡ ነው! በሳምንቱ ስመለስ ግማሹ የለም። በቅዳሜ ገበያ አንድ ልጅ ሰማያዊ ሱሪ ለብሶ አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ የእኔ የብዕር ቁጥር ነበረበት። ጨርቁ መርዝ እንዳለበት ለእናትየው አስረዳሁ። «ለዚህ ነው እንግዲህ ዝንብ የማያርፍበት» ብላ አረፈችው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን በከብቱ ጀርባ ላይ ወደ ማፍሰስ ዞርን። በሬው ራሱ ወጥመድ ሆነ፤ ሊሰረቅም አይችልም። ይቅርታ፣ በሬም ይሰረቃል፤ ግን ባለቤቱ ይጠብቀዋል።

ተሳካልን። ዝንቧ ቀነሰች። በሬዎች ክረምቱን ዘለቁ። አዛውንቱ ሁለት ጥንድ በሬ ባለቤት ሆነው ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ስሜ ተጠርቶ ተመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በማንም ሥልጠና ላይ የነገረኝ አልነበረም።

ገበሬ በሬ ካለው ያርሳል። ሁለት ጥንድ ካለው ሁለት እጥፍ ያርሳል። ድሮ «ዝንብ አለበት» ተብሎ የማይወረድበት የወንዝ ዳር መጀመሪያ ግጦሽ ሆነ፤ ቀጥሎ በቆሎ ሆነ። ሌሊት ድኩላ ሲጮህ የምሰማበት ቁልቁለት ላይ ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ቆመ። ይህ በእኛ መንደር ብቻ የሆነ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲወረድ በሚገኘው የግቤ ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዝንብ ቁጥጥር ከተጀመረ በኋላ እርሻው እየሰፋ መሄዱን ተመራማሪዎች ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎችና በሳተላይት ምስሎች ተከታትለውታል። ድርቁ፣ የሕዝብ ፍልሰቱና የመሬት ይዞታው ለውጥም ድርሻ እንደነበራቸው ጽፈዋል። የዲዴሳም ነገር እንዲሁ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ የሸሹ የወሎ ሰዎች፣ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከሐረርጌ የመጡት የጨዋቃ ሰፋሪዎች በዚያ አገር ከሁሉ በፊት የተዋወቁት ከዝንቧ ጋር ነው። ጎሹና ጉማሬው በሸለቆው የቆዩት ሰው አዝኖላቸው አልነበረም። ዝንቧ ዘበኛ ሆናላቸው ነው።

ይህን ሳስብ የገደልኩት ዘበኛውን ነው እላለሁ። ከከተማ የመጡ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰው መቱ ላይ ሻይ እየጠጣን «ታዲያ ዝንቧን ብትተዋት አይሻልም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን በሬ ሞቶባቸው አያውቅም። አባቴ ከቦራ አጠገብ የተቀመጠውን አቀማመጥ ያየ ሰው ዝንቧን ተዋት ሊል አይችልም። ድሀ ገበሬ በበሽታ እየተጠበቀ የሚኖር ጫካ የሚያኮራ ጫካ አይደለም። ሆኖም ዝንቧን ያባረረ ሰው በእሷ ቦታ ሌላ ዘበኛ ማቆም ነበረበት፤ እኛ ይህን አላደረግንም። ዝንቧን መቁጠር ሥራችን ነበር፤ የድኩላውን ቁጥር መከታተል ግን የማንም ሥራ አልነበረም። የግብርናው ቢሮና የዱር እንስሳት ጥበቃው በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ቆመው ሳይተዋወቁ ኖሩ።

የያዮ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ድንበሩ በካርታ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ለእንስሳት ሐኪም የሚቀረው ሥራ ትልቅ ነው፤ ከድንበሩ ውጭ ያለው ከብት ጤነኛ ሆኖ በጥቂት መሬት ላይ ብዙ እንዲያወጣ፣ ባለቤቱም ወደ ውስጥ እንዳይመኝ ማድረግ። አሁን ገበያ ላይ የሚሸጠው የገንዲ መድኃኒት ይህን ያበላሽብናል። ገበሬው ዲሚናዚኑን ከማይታወቅ ነጋዴ ይገዛል፤ ለሁለት በሬ የታሰበውን ለአራት ያካፍለዋል፤ ጥገኛው ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምደዋል። በግቤ ሸለቆ መድኃኒት የማይበግረው ገንዲ ከተገኘ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ ጥፋቱ ዞሮ የሚላከከው ዱር ባለው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል፤ ያጽናናኛልም። ደፈርሳ የሚባለውን የቆላችንን እንስሳ ታውቁታላችሁ። ሳይንቲስቶች የሰጡት የላቲን ስም እንኳ ከእኛው ከአማርኛው የተወሰደ ነው። የቆላ ዝንብ የእሱን ዘር ደም አትቀርብም። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ምክንያቱን ሲፈልግ ከሰውነቱ የሚወጣው ሽታ ዝንቧን እንደሚያባርር ደረሰበት። ሽታውን በላቦራቶሪ አስመስለው ሠርተው፣ በከብት አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ዕቃ ጨምረው በኬንያ በገበሬ ከብቶች ላይ ሞከሩት፤ ከብቶቹ በገንዲ መያዛቸው ቀነሰ። አስቡት እንግዲህ! ያ ሁሉ ዘመን በጠላትነት የተገደለው አውሬ መድኃኒቱን በቆዳው ላይ ተሸክሞ ይዞር ነበር።

ባለፈው ዓመት በጡረታዬ ወደዚያው ቆላ ወረድኩ። የአዛውንቱ ልጅ፣ ያኔ ታፋውን ተሸክሞ የመጣው፣ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ቡና ተፈልቶ ከደጅ ተቀመጥን። ሲመሽ ከወንዙ ማዶ ከቀረችው የቁጥቋጦ ድርድር ውስጥ ድኩላ ጮኸ፤ ያ እንደ ውሻ ያለው የሚቆራረጥ ጩኸቱ። የቤቱ ውሻ ብድግ አለ። ሰውየው በስሙ ጠርቶ አስተኛው።

«ይህኛውስ ገንዲ አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሊኖርበት ይችላል።»

«አይታመምም?»

«አይታመምም።»

ጥቂት ዝም አለ። «ያን ጊዜ ይህን ጨምረህ ብትነግረን ኖሮ» አለ። መልስ ሳልሰጠው ሲኒዬን ተቀብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዳልኝ። «ለማንኛውም ጠዋት ሳትሄድ ያንን ዳለቻ በሬ እይልኝ፤ ጸጉሩ ቆሟል።»